ለኑርዬ ዘፈን በቅቶት አያውቅም

የሠርግ ባንድ ባለበት አገር ሁሉ አንድ "ይሄ አይበቃም" የሚል ሰው አለ። ድምፅ ማጉያው ሊበላሽ ይችላል፣ ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት ሊቀር ይችላል፣ ይህ ሰው ግን አይቀርም። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ከሁሉ ኋላ ይሄዳል፣ በመካከሉ ያለውን ጊዜ በሙሉ "ሌላስ?" እያለ ያሳልፋል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ባንድ ባይኖራችሁ በድግስ አይታችሁታል፤ መቶ ሰው ተጠርቶ ለሦስት መቶ ሰው በርበሬ የሚያስፈጨው እሱ ነው። መንገድ ስትወጡም አይታችሁታል፤ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ፣ በጃንጥላው ላይ ካፖርት ደርቦ፣ በካፖርቱ ኪስ የተጣጠፈ ፌስታል ሸጉጦ የሚሳፈረው እሱ ነው።

የእኛው ኑርዬ ይባላል። ሙሉ ማዕረጉ ክቡር ኑርዬ፣ የሐይቅ ከተማ ጎሚስታ፣ የባንዳችን ከበሮ መቺ፣ የተሁለደሬና የአምባሰል የዘፈን ግምጃ ቤት ጠባቂ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱም አልተቃወመም፤ "ይሄ አይበቃም" ብቻ ነው ያለኝ።

ባንዱ አራት ሰው ነው። እኔ ዋለ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ክራር እመታለሁ። ሰብለወንጌል ፀጉር ቤት አላት፣ ትዘፍናለች። ባድሩ ፎቶ ቤት አለው፣ ኦርጋን ይጫወታል። ኑርዬ ቀን ጎማ ይለጥፋል፣ በሠርግ ቀን ከበሮ ይደልቃል። አራታችንም ወጣትነታችንን ያለ ባንድ ጨርሰን በጉልምስና የጀመርን ነን። እንደ ዘገየ ዝናብ ነን፤ ስንመጣ በኃይል ነው።

መጥፎው ነገር የመጣብን በአንድ ሠርግ ላይ ነው። ኬኩ ሳይቆረስ ዘፈናችን አለቀ። ምን ይደረግ፣ ከመጀመሪያው ጀመርን። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳንደርስ ወይዘሮ መሪማ የሚባሉ እናት ከፊት ወንበር ሆነው፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ፣ "ይቺንማ ጠዋት በልተናት የለ እንዴ፤ አሙቃችሁ አመጣችሁብን?" አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐይቅ ከተማ የባንዳችን ስም "የትናንት ወጥ" ሆነ።

ባድሩ "ስም ነው፣ ይለመዳል" አለ። ሰብለወንጌል ሳምንቱን ሙሉ የሰው ፀጉር ስትሠራ ቀና አላለችም። ኑርዬ ግን ሱቄ ድረስ መጥቶ ከልብስ መስፊያው ማሽን ፊት ለፊት ቁጭ አለና "ወላሂ ዋለ፣ ከእንግዲህ ዘፈን አልቆብኝ ሰው ፊት አልቀመጥም" አለኝ።

በዚህ መሀል ሕይወት መጣች።

ሕይወት ሰብለወንጌል ፀጉር ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለ መንደር ነው የመጣችው፤ እናትና አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ አክስቷ ወይዘሮ ጥሩሰው ናቸው ያሳደጓት። አሁን ወደ ውጫሌ ልትዳር ነው። የምትገባበት ቤት ደግሞ የዋዛ አይደለም። ከዚያ ቤት የሚወለድ ልጅ መጀመሪያ የሚያለቅሰው በአምባሰል ቅኝት ነው ይባላል። የሙሽራው አጎት አቶ አያሌው የተባሉት ሰውዬ በሠርግ ላይ ግጥም መስጠት ከጀመሩ የሚያስቆማቸው ዝናብ ብቻ ነው።

"ጋሼ ኑርዬ፣" አለች ሕይወት ጎማ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ "የእነሱ ወገን ዳሱን ይሞላዋል። የእኔ ወገን አንድ አግዳሚ ወንበር አይሞላም። ሙሽሪት ወገን የላትም እንዳይሉኝ እናንተ በእኔ በኩል ተቀመጡልኝ። ዝም ብቻ አትበሉብኝ።"

"አብሽሪ ልጄ" አላት። "ዝም አንልም።"

እሷ እንደ ሄደች ወደ እኛ ዞረና ያለንን ዘፈን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ የሚለውን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሰው መሆኑ ቀረ፤ ወንፊት ሆነ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ ሾፌር ጎማው ተንፍሶ እሱ ዘንድ ከገባ ዘፈን ሳይሰጥ አይወጣም። "አገርህ ወዴት ነው?" ይለዋል ብሎኑን እየፈታ። "እናንተ ዘንድ ሙሽራ ሲገባ ምን ትላላችሁ?" ሾፌሩ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይቆጣል፣ በመጨረሻ መኪናው በክሪክ ላይ መንጠልጠሉን ሲያይ ይዘፍናል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር "እኔ ድምፅ የለኝም" ቢለው "ጎማም የለህም" አለው። ያ ሾፌር ሦስት ዘፈን ሰጠ።

እኔንም ይዞኝ አርዲቦ ወረደ። ጤፍ አጫጆች እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ አገኘናቸው። ኑርዬ ስልኩን አውጥቶ ሊቀዳ ሲጠጋ፣ ሽታው የሚባለው የአጫጆቹ አውራ ማጭዱን ሳያቆም "ወንድም ዓለም፣ እዚህ ስንኝ በነፃ አይሰጥም፤ ጎንበስ በል" አለው። ጎንበስ አልን። ዕድሜዬን በወንበር ላይ ያሳለፍኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወገቤ ለሁለት ተከፈለ። ኑርዬ ግን በአንድ እጁ ያጭዳል፣ በሌላው ስልኩን ወደ ሽታው አፍ ያስጠጋል፣ ስንኝ ባለቀ ቁጥር "ሌላስ?" ይላል። ሽታው በመጨረሻ "ይሄን ሰው ውሰድልኝ፣ ማሳው ሳያልቅ እኔን ሊጨርሰኝ ነው" አለኝ።

ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይዞት የሚሄድ አመል ሆነ። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሁላችን አንገታችንን ደፍተን፣ የክቡር ኑርዬ ጣት ብቻ በጉልበቱ ላይ ቀስ እያለች ትመታለች። እንደወጣን ክንዴን ያዘኝ።

"ሰምተሃታል? ምቷን ብናፈጥናት ለሙሽራ መሸኛ ትሆናለች።"

"ኑርዬ፣ ሰው እኮ ሞቷል።"

"አላህ ይማረው። ዜማዋ ግን አልሞተችም።"

አንድ ቀን ደግሞ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወስደውን የእግር መንገድ ተያይዞት አግኝቼው እኔ ነኝ የመለስኩት። "እዚያ ያለው ዜማ ለእስክስታ አይሆንም" አልኩት። "አውቃለሁ" አለኝ ተቀይሞ፤ "እኔ እንዴት እንደሚያስታውሱት ልጠይቅ ነበር።"

ልምምዱ ሱቄ ውስጥ ነበር፣ በተቆራረጠ ጨርቅ መሀል። ሰብለወንጌል "ጉሮሮዬ እኮ አንድ ነው ኑርዬ" እያለች ትለምነዋለች። ባድሩ "ይሄን ሁሉ ለመዝፈን ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው እስኪድሩ ውጫሌ መቆየት አለብን" ይላል። ኑርዬ አይስቅም። የሱ ጭንቀት ክራሬ ሆኗል። ክራሩ አንድ፣ ቅኝቱ አራት ነው፤ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ስሻገር ክሩን ማጥበቅና ማላላት አለብኝ። በዚያች መሀል የምትፈጠረው ዝምታ ለኑርዬ የጥርስ ሕመም ናት። ስለዚህ ዘፈኖቹን በቅኝት በቅኝት አሰለፋቸው፤ የአምባሰሎቹን ደግሞ መጨረሻ አደረጋቸው።

"የጣፈጠው ለመጨረሻ ይቀመጣል" አለ።

ለአምባሰል ሰው አምባሰልን ማቆየት፣ ውኃ ጠምቶት ለመጣ እንግዳ ቆሎ እንደ ማቅረብ መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም። እኔ እንዲያውም አጨብጭቤለታለሁ።

ሠርጉ ደረሰ። ውጫሌ ገባን። ዳሱ እንደ ተባለው ነበር፤ በሙሽራው በኩል ሰው በሰው ላይ፣ በእኛ በኩል ወይዘሮ ጥሩሰው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸው፣ እኛ አራታችን፣ ከዚያ በኋላ ባዶ አግዳሚ። ኑርዬና ባድሩ ለእስላም እንግዶች በተለየው ዳስ ምሳቸውን በልተው ሲመጡ ኑርዬ ከወጥ ሠሪዎቹ አንዲት አዲስ ዘፈን ይዞ መጣ። ሠርጉ ተጀምሮ እንኳ እየሰበሰበ ነበር።

በትዝታ ጀመርን። ጥሩ ነበርን፤ ራሴን ለማመስገን አላፍርም፣ በጣም ጥሩ ነበርን። ሰው ግን በትህትና ነው የሚያጨበጭበው። አንዱን ጨርሰን ሌላውን ስንጀምር አቶ አያሌው ቀረብ ብለው "ልጆች፣ አምባሰልን አትጫወቱም?" አሉ።

"ይደርሳል አባባ" አለ ኑርዬ። "ከባቲው ቀጥሎ ነው።"

"ባቲማ ባቲ ሲደርስ ይዘፈናል" አሉ አቶ አያሌው፣ እና ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። እዚያው ቆመው ያለ እኛ፣ ያለ ክራር፣ ያለ ምንም በባዶ ጉሮሯቸው አምባሰልን አወጡት። ዳሱ በሙሉ ብድግ አለ። የኑርዬ ሰልፍ እንደ ተበተነ የበግ መንጋ ሆነ። እኔ ክሩን እያጠበቅኩ ተከተልኳቸው፣ ሰብለወንጌል ዜማውን ተቀበለች፣ እና የውጫሌ ሠርግ እንዴት እንደሚሆን ያን ጊዜ ገባን። ብዙ ዘፈን አይፈልጉም። አንድ ዜማ ይበቃቸዋል፤ እሷን ይዘው ግጥሙን ሰው ሁሉ በየተራ ይሰጣል። ሰጪው "ተቀበይ" ይላል፣ ዘፋኟ ተቀብላ ታዜማለች፣ ሌላው ይቀጥላል።

"ተቀበይ" አሉ አቶ አያሌው፦

"የአምባሰል ተራራ ጉም ለብሶ ይዋል፣
እኛስ ልጅ አምጥተን ደስታ ለብሰናል።"

ሰብለወንጌል ተቀበለች። ሌላው የሙሽራው አጎት ሰጠ። ሚዜው ሰጠ። የሚዜው እናት ሰጡ። ከእኛ በኩል የሚሰጥ የለም። ወይዘሮ ጥሩሰው አንዴ ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱና ዕንባ ስለቀደማቸው በነጠላቸው ሸፈኑት። ያን ጊዜ አቶ አያሌው በጨዋታ፣ በሠርግ ወግ፣ ወደ ባዶው አግዳሚ እያዩ ጣሉት፦

"የሙሽሪት ወገን ምነው ዝም አላችሁ፣
አርዲቦ ሰጠመ ወይ አንደበታችሁ።"

ሳቅ ሆነ። ክፋት የለበትም፤ መልስ ካለ ጨዋታ ነው። መልስ ከሌለ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕይወትን አየኋት። በቬሎው ውስጥ አንገቷ ወደ ታች ሄደ። እኔ በሕይወቴ የገጠምኩት ግጥም የለም። ባድሩ ኦርጋኑን አየ። ሰብለወንጌል የምትቀበለው አጥታ ዜማውን ብቻ እየደጋገመች እኛን በዓይኗ ትለምናለች።

ኑርዬ ከበሮውን ለባድሩ አቀብሎ ተነሳ። ከባዶው አግዳሚ ፊት ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ተቀበይ" አለ፦

"አርዲቦ ዝም ቢል ደረቀ አትበሉት፣
ዳር ቆሞ ከማማት ገብታችሁ ለኩት።"

የሙሽራው ወገን ራሱ እልል አለ። አቶ አያሌው በዱላቸው መሬቱን መታ አደረጉና ሌላ ሰጡ። ኑርዬ መለሰ። እሳቸው ሰጡ፣ እሱ መለሰ። ከጭነት መኪናው ሾፌር የወሰዳትን ጣለ፤ ከለቅሶ ቤቷ ዜማ ጋር የመጣችውን ወደ ደስታ ገልብጦ ጣለ፤ ምሳ ላይ ከወጥ ሠሪዎቹ የለቀማትን ገና ሳትበርድ ጣለ። አገር የማያውቃቸው ስንኞች ነበሩ። ቀጥሎ ሽታው በማጭድ ያስከፈለንን አመጣ፤ የመጀመሪያዋን መስመር ወገቤ ያውቃታል፤ ሁለተኛዋን ግን እዚያው ቆሞ እንደ ጎማ ለጥፎ ነው የሠራት፦

"አንዷ የጤፍ ፍሬ ማሳ ትሞላለች፣
አንዲት ልጅ ሰጥተናል አገር ትበልጣለች።"

ወይዘሮ ጥሩሰው ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሱ። ሰብለወንጌል ያቺን ስንኝ ሦስት ጊዜ አዜመቻት። "አሙቃችሁ አመጣችሁብን" ያለ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም "ድገሚያት" ብለው ነው ያስደገሟት።

አቶ አያሌው ላባቸውን ጠርገው ወደ ኑርዬ መጡና አቀፉት። "ይሄን ሰው ከየት አመጣችሁት?" አሉ ወደ እኛ ዞረው።

"ከጎማ ቤት" አለ ባድሩ።

"ወገኗ ነው?"

ወይዘሮ ጥሩሰው ከመቀመጫቸው ሆነው "እንዴታ" አሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሙሽሪት ወገን ሊመለስ ተነሳ። ሕይወት ቬሎዋን ሰብሰብ አድርጋ የወገኖቿን ጉልበት ለመሳም መጣች። አክስቷን ሳመች። ሁለቱን ጎረቤቶች ሳመች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። ኑርዬ ወደ ከበሮው ተመልሶ መሸኛውን እየመታ ነበር። ጎንበስ ስትል ዕቃ ልታነሳለት መስሎት "ተይው ልጄ፣ ከባድ ነው" አላት። እሷ ከበሮውን በቀስታ ወደ ጎን አደረገችና ጉልበቱን ሳመችው።

የኑርዬ እጅ አየር ላይ ቀረ። ለሁሉ ነገር ትርፍ የሚይዘው ሰውዬ ለዚህ ያዘጋጀው ምንም አልነበረውም። በመጨረሻ እጁን በራሷ ላይ አሳርፎ "ውለጂ፣ ክበጂ" አለ። ከበሮውን መልሶ አላነሳም። ኦርጋኑም አልቀጠለ፣ ሰብለወንጌልም አልዘፈነች። ረጅም ዝምታ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ግን ዘፈን አለቀባቸው ያለ አንድም አልነበረም።

እኔ ክራሬን ለመቃኘት አቀረቀርኩ። ክራሩ የተቃኘ ነበር።