«ከመዘጋቱ በፊት» ባዩ ጓድ ገላው

ኅዳር 15 ቀን 1981 ዓ.ም. የቢቸናና የሞጣ የሸንጎ ተወካዮች በተሽከርካሪ ደንብ ረቂቅ ላይ ሲከራከሩ ዋሉና አንቀጽ ዘጠኝ ሳይጸድቅ መሸ። ያላስጸደቁት አያ ገላው ነበሩ።

በዚህ አገር ስብሰባ የሚዘጋው ሊቀ መንበሩ ሲዘጋው አይደለም፤ አንድ ሰው ሲፈቅድ ነው። በዕድርም ሆነ በሰበካ ጉባኤ፣ ሕዝቡ ዱላውን ጨብጦ ሊነሣ ሲል ከኋላ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው የሚገንዙትን እንኳ «ቆዩ እስቲ» ሳይል አይቀርም። የቢቸናው ባለ ተራ፣ ክቡርና የማይቋረጡት ጓድ ገላው፣ «ከመዘጋቱ በፊት» ይሉ ነበር።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው አመተ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ናት። የተባለ አትተውም፤ ያልተባለ አትጽፍም። አያ ገላው ከስብሰባ ማግስት ቢሮዋ ደጃፍ ይቆማሉ።

«ልጄ፣ ‹ሰፊ ማብራሪያ ተሰጠ› ብለሻል። ማን ሰጠው? ከሰማይ ወረደ?»

«አያ፣ አሳጥሬው ነው እኮ።»

«እኔን የሚያሳጥር ገና አልተወለደም።»

እሷም እያጉረመረመች ታስተካክላለች። የዘገዩ ቀን ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች።

ረቂቁ አንድ አዲስ መሣሪያም ነበረበት፤ መኪና ውስጥ ተገጥሞ ሹፌሩ የነዳበትን ፍጥነት ወረቀት ላይ የሚጽፍ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ሣህለ ማርያም ጥቅሙን ዘርዝረው «ሌላ ሃሳብ ከሌለ…» ሲሉ፣ ከኋላ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ከመዘጋቱ በፊት። ይኸ ዕቃ የሚጽፈው ሹፌሩን ብቻ ነው ወይስ ተሳፋሪው የሚያወራውንም?»

አዳራሹ ሊስቅ አፉን ከፍቶ፣ ሳይስቅ ዘጋው። ሁሉም ጎረቤቱን በዓይኑ ጫፍ አየ።

«ፍጥነቱን ብቻ ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«እንዲያ ከሆነስ ደግ ዕቃ ነው» ብለው ተቀመጡ።

በአንቀጽ ዘጠኝ ላይ ግን አልተቀመጡም። አንቀጹ የጭነት መኪና ሰው እንዳይጭን ይከለክላል፤ የጫነ ሹፌር መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ከቢቸና ሞጣ ደግሞ አውቶቡስ ሲገኝ ነው፤ ሳይገኝ ሰው የሚሄደው እህል ላይ ተቀምጦ ነው።

«‹ታማሚና ወላድ ሲቀር› ተብሎ ይግባ» አሉ።

«ጓድ ገላው፣ ሕግ ሽንቁር አይወድም» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ሽንቁር የሌለው ቤት ባለቤቱን በጢስ ይገድላል። ሹፌሩ ምጥ ላይ ያለች ሴት መንገድ ዳር አይቶ፣ ፈቃዱን ፈርቶ ሲያልፋት፣ ያን ጊዜ እናንተን ይጥራችሁ?»

ተሣቀ። ክርክሩም ሳያልቅ መሸ።

ሸንጎው የተረፈውን ሊጨርስ ታኅሣሥ ላይ ተመልሶ ሲሰበሰብ አያ ገላው አልነበሩም። ሞጣ ሄደው ዘመድ ቤት እንደተኙ ሳይነቁ ቀርተዋል። ወንበራቸው ባዶውን ቆሟል። አትቀመጡበት ያለ የለም፤ ዘግይቶ የመጣ አንድ ተወካይ ግን አየት አድርጎት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

አንቀጽ ዘጠኝ እንዳለ ተነበበ።

«ሌላ ሃሳብ ከሌለ…» አሉ ጓድ ሣህለ ማርያም። ቀጥሎ የሚመጣው «ጸድቋል» ነበር። አልወጣም። ጠበቁ። ማንም ሳያዘው የአዳራሹ ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ ኋላ ተመለከተ።

ጉሮሮ ተጠረገ።

ቀስ ብሎ ነበር፣ አቧራ እንደዋጠ ሰው። ከባዶው ወንበር አጠገብ የተቀመጠ የለም፤ መስኮቶቹም ዝግ ናቸው። አመተ ሥላሴ ጆሮዋን ተጠራጠረች፤ ነገር ግን ከፊቷ ያሉት ጓዶች እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደው ማተባቸውን ሲይዙ አየች።

«ይ… ይቀጥሉ» አሉ ሊቀ መንበሩ።

የቀጠለ የለም። አመተ ሥላሴ የአያ ገላውን ሦስት ቃል ወረቀቱ ላይ ብታሰፍር ማን ይጠይቃታል? ግን ያልተባለ አትጽፍም። አሁን ደግሞ የሚለው ሰው ከሌለ፣ ያቺ መንገድ ዳር የምታምጥ ሴት ታልፋ ልትቀር ነው።

«ታማሚና ወላድ ሲቀር» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሊቀ መንበሩ ነበር። «በዚህ ይጽደቅ። የሚደግፍ!»

በፊት የሣቁት ሁሉ እጃቸውን አነሡ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሃሳቡን ያቀረበው ማን ተብሎ ይመዝገብ?»

«አንቺም ሰምተሻል» አሏት፣ ወደ ኋላ ሳያዩ።

አመተ ሥላሴ «ጓድ ሣህለ ማርያም» ብላ ጻፈች። ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑ እንደዚያ ቀን ከፍቷት አያውቅም።

በሳምንቱ ለልቅሶ ሞጣ ወረደች። ወይዘሮ ፈንታነሽ የሚባሉ ሴት አጠገባቸው አስቀምጠዋት የአያ ገላውን የመጨረሻ ቀን አወጓት። ወንድማቸው ከቢቸና የፋኖስ ብርጭቆ ልኮላቸው፣ ያደረሱላቸው አያ ገላው ናቸው። በገለባ ጠቅልለው፣ ጤፍ በጫነ መኪና አናት ላይ፣ እስከ ሞጣ ጭናቸው ላይ ታቅፈውት መጡ። ወይዘሮዋ «ይግቡ እንጂ፣ እህል ይቅመሱ» ቢሏቸው፣ መጀመሪያ ገለባውን ፈቱ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው ዙሪያውን አዩት፤ አልተሰነጠቀም። በፋኖሱ ላይ ገጠሙት። የተበተነውን ገለባ ከደጃፉ ጠርገው፣ ደኅና እደሩ ብለው ወደ ዘመዳቸው ቤት ሄዱ።