ማሂን ማርያም ሳመቻት፣ እኔን ጭራ አነቀኝ

ዛሬ ኡራኤል አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ዶክተር ከአንገቴ ላይ የጋሼን ጭራ በወረንጦ ጎትታ አወጣች።

አዎ፣ ጭራ። ዝንብ የሚባረርበት!

ቁጭ በሉ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ስትስቁ ግን ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ ይህን ፖስት ማሂም ታየዋለች።

ማሂ የአክስቴ ልጅ ናት። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ከደብረ ብርሃን መጥቼ ያረፍኩት ቂርቆስ እነሱ ቤት ነው። ሁለታችንም ፍሬሽ ነን። አንድ ክፍል እንጋራለን፣ አንድ መስታወት እንጋራለን፣ አንድ ቻርጀር እንጋራለን። የማንጋራው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ጉንጯ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ።

እናቶች እንዲህ ያለ ምልክት ሲያዩ የሚሉትን ታውቃላችሁ። "ውይ የኔ ልጅ! ማርያም ስማሻለች እኮ!" ይሉና እነሱም እዚያችው ቦታ ላይ ይስሟታል። የጎረቤት እናቶች ይስሟታል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምናገኛቸው፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው እናቶች ይስሟታል። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጃንጥላዋን እይዛለሁ።

ታክሲ ስንጠብቅ ረዳቱ "ማርያም የሳመቻት! ነይ ጋቢና ግቢ!" ይላታል።

ለእኔስ? "ባለ ስካርፏ፣ ጠጋ በይ እስቲ፣ ሰው ይቀመጥበት!"

ስካርፍ ለምን አደረግሽ አትሉኝም?

አንድ ፍሬ ምስር አስቡ። ከአንገታችሁ ጎን በቀጭን ቆዳ ተንጠልጥላለች። አጠገቧ ደግሞ ሁለት ታናናሾቿ። ይቺ ምስር ታሳክካለች! ክላስ ውስጥ ታሳክካለች፣ ቅዳሴ ላይ ታሳክካለች፣ መምህር ስሜን ጠርቶ ጥያቄ ሲጠይቀኝማ በቃ ትጨፍራለች። ይህችን ማርያም ሳመቻት ብሎ የሚደፍር ሰው የለም።

እኔም እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው ጎግል አደረግኩ።

አታድርጉ!!

"አንገት ላይ የሚያሳክክ እብጠት" ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሞቻለሁ። ድንኳን ሲተከልልኝ ታየኝ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ምን መሰላችሁ? በራሴ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ማሂን "አይዞሽ" እያለ ጉንጯን ሲስማት መታየቱ ነው። በለቅሶዬም!

ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ቤት ነው ያለሁት፣ ማስቸገር አልወድም። አክስቴ "ምነው በዚህ ሙቀት ስካርፍ?" ስትለኝ "ፋሽን ነው" አልኳት።

ከጎረቤታችን ከእትዬ ብርቄ ዓይን ግን ምንም አያመልጥም። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ስካርፌ ተንሸራተተ፣ አዩኝ።

"ይቺማ ቀላል ናት ልጄ" አሉኝ ጠጋ ብለው። "የፈረስ ጭራ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪባት። ደሟ ሲቋረጥ ራሷ ደርቃ ትወድቃለች።"

"እሺ እትዬ" አልኩ። እኔ ለሁሉም ሰው እሺ ነው የምለው። ችግሬም እሱ ነው።

ግን እስቲ ፈረስ ከየት ይመጣል? ካዛንቺስን ዞርኩት። ሆቴል፣ ባንክ፣ ካፌ፣ ሆቴል። ፈረስ የለም።

ቤታችን ግን ጭራ አለ።

ጋሼ የማሂ አባት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ጭራቸውን ከማሂ እኩል ነው የሚወዷት። ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ትውላለች፤ እሁድ ወይም ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ይዘዋት ይወጣሉ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ይቺ የአርሲ ፈረስ ናት። ፈረሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ" ይላሉ።

ጋሼ ዜና ሲያዩ ሻይ አቀረብኩላቸው። ስመለስ ከጭራዋ አንዷን ነጨሁ።

ምስሯ ላይ ባስራት ተፈታች። ሌላ ነጨሁ። ከዚያም ሌላ።

አንድ ቀን ጋሼ ጭራዋን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ሲያዩ ቆዩና "አንቺ ትጊ፣ ይቺ ነገር እየሳሳች ነው። ብል ገባባት እንዴ?" አሉኝ።

"ናፍታሊን ልግዛላት ጋሼ?"

ብሏ እኔው! ናፍታሊን ገዢዋም እኔው!

ታዲያ ምስሯ ደርቃ ወደቀች? ኧረ የት አባቷ! ቀላች፣ አበጠች፣ ይባስ ብላ አሳከከች። ክሩም እብጠቱ ውስጥ ሰምጦ አልፈታ አለኝ። አሁን አንገቴ ላይ ሞትም አለ፣ ጭራም አለ።

በዚሁ ሰሞን ማሂ ተለወጠች።

ፋውንዴሽን መቀባት ጀመረች። መስታወቱ ፊት ቆማ ቆማ፣ እኔ ስገባ ዞር ትላለች። ስልኳን ገልብጣ ታስቀምጣለች። "የት ነበርሽ?" ስላት "ላይብረሪ" ትለኛለች። ማነው በፋውንዴሽን ላይብረሪ የሚሄደው?

በቃ፣ ገባኝ። ቦይፍሬንድ ይዛለች!

ማርያም ሳመቻት፣ የሰፈር እናቶች ሳሟት፣ አሁን ደግሞ ሌላ ሳሚ! የእኔን አንገት አቅፎ የሚያድር ጭራ ብቻ!

ቅናቱ ከምስሯ ባሰብኝ። ምስሯንስ ያኳታል።

ዛሬ ጠዋት ቆረጥኩ። "ግሩፕ ወርክ አለኝ" ብዬ ወጣሁ፣ ከቂርቆስ ታክሲ ይዤ ካዛንቺስ ወረድኩ፣ ወደ ኡራኤል በእግሬ ጀመርኩ። ክሊኒክ ልገባ ነው። እውነቱን ልሰማ ነው።

ከፊቴ ማን ብትሄድ ጥሩ ነው?

ማሂ! ፋውንዴሽኗን ተቀብታ፣ ግራ ቀኝ እያየች፣ ፈጠን ፈጠን እያለች።

ዴት ነው!

ሞቴን ረሳሁት። ማለቴ፣ ካንሰር አለብኝ ብዬ ወደ ሐኪም እየሄድኩ ነበር፣ ግን መጀመሪያ ልጁን ማየት ነበረብኝ። ከዛፍ ዛፍ እየተጠጋሁ ተከተልኳት። አዲስ የተተከሉት ዛፎች ደግሞ ቀጫጭን ናቸው፤ እንኳን ሰው ድመት አይደብቁም።

አንዱን ካፌ አለፈችው። ሁለተኛውንም አለፈችው። ከዚያ አንድ ግቢ ውስጥ ጥልቅ አለች።

የእኔው ክሊኒክ!

እዚህ ጋ ምን ያሰብኩ ይመስላችኋል? "አሟት ይሆን?" ያልኩ መሰላችሁ?

"ዶክተር ነው የያዘችው!" ብዬ ነው ያሰብኩት።

ስገባ መጠበቂያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

"ግሩፕ ወርክ?" አለችኝ።

"ላይብረሪ?" አልኳት።

ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። በሶፍት ስትጠርገው ፋውንዴሽኑ ለቀቀ፣ ነጥቧም ታየች። አብጣለች። ጫፏ ላይ የደረቀ ደም አለ።

"ያሳክከኛል ትጊ" አለች። "ከምር ያሳክከኛል። ሳክከው ደማ። ከዚያ ጎግል አደረግኩ።"

"ውይ! ጎግል አይደረግም እኮ!"

"አደረግኩታ! ሦስተኛው መስመር ላይ..."

"ሞትሽ።"

"ሞትኩ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰው ሁሉ ማርያም ስማሻለች እያለኝ፣ አመመኝ እንዴት ልበል?"



ተራዋ ሲደርስ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ዶክተሯ በመነጽሯ ላይ አየችን፣ የእኔንም ካርድ አስመጣችና "ሁለታችሁንም ልያችሁ። ማን ይቅደም?" አለች።

"እኔ!" አልኩ።

አትፍረዱብኝ! ሁልጊዜ እሷ ናት የምትቀድመው። አንዴ እንኳ በበሽታ ልቅደም ብዬ ነው።

ስካርፌን ፈትቼ ለማሂ አስያዝኳት። ዶክተሯ ጠጋ አለች። ራቅ አለች። እንደገና ጠጋ አለች።

"ይሄ የታሰረው ምንድን ነው?"

"የፈረስ ጭራ ነው" አልኩ በትህትና።

"የምን ፈረስ?" አለች ማሂ ከኋላዬ።

"...የጋሼ።"

"የአባዬ ጭራ?! ብል በላብኝ ብሎ ናፍታሊን ውስጥ የቀበራት ጭራ?!"

ዶክተሯ በትንሽ መቀስ ቆረጠችው፣ በወረንጦ ጎትታ አወጣችው፣ መብራት ላይ አየችው፣ ለጠጥ ለጠጥ አደረገችው።

"የፈረስ እንኳ አይደለም" አለች። "ናይሎን ነው።"

ጋሼ በዓይናቸው ያዩት ፈረስ! ናይሎን!

ማሂ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ ቀደማት። እኔ ግን የምስቅበት አንጀት አልነበረኝም። "ዶክተር፣ ካንሰር ነው?" አልኩ።

"አይደለም። ትርፍ ሥጋ ነው። ብዙ ሰው ላይ ይወጣል፣ ጉዳት የለውም። ያሳበጠሽ ማሰርሽ ነው፣ ያሳከከሽም ስካርፉ ነው። ቅባት እጽፍልሻለሁ። ቁስሉ ሲድን ካልፈለግሽው እናነሳዋለን። ቀጣይ!"

በቃ። ስንት ጊዜ የሞትኩበት ነገር ሻይ በማይፈላበት ጊዜ ውስጥ አለቀ።

የማሂ ግን አላለቀም።

መብራት ያለው አጉሊ መነጽር ወጣላት። ለእኔ አልወጣም! ነጥቧ ተለካች። የእኔ አልተለካችም! ፎቶ ተነሳች። ከዚያ ሌላ ዶክተር ተጠራ። ሁለት ዶክተር!

እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ቀናሁ። ካንሰር የለብሽም የተባልኩ ሰው፣ በደስታ ማልቀስ ሲገባኝ፣ "ለእሷ ሁለት ዶክተር፣ ለእኔ ናይሎን!" ብዬ ቀናሁ።

ከዚያ እጇን አየሁት።

ስካርፌን በሁለት እጇ ጠምዝዛ ይዛዋለች። ዶክተሮቹ በእንግሊዝኛ ሲንሾካሾኩ እነሱን አይደለም የምታየው፣ እኔን ነው። ስትስቅ የነበረችው ልጅ ከንፈሯ ደርቋል።

ቅናቱ የት እንደገባ አላውቅም፣ ሆዴ ባባ። "ማርያም" አልኩ በልቤ። "አንቺው የሳምሻት ናት። አደራሽን።"

ዶክተሯ መብራቱን አጠፋች።

"ሁለታችንም አይተነዋል፣ ደህና ነው። ጉዳት የሌለው ምልክት ነው። ያበጠው በመነካካት ብዛት ነው። ለጥንቃቄ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰሽ ነይና እናየዋለን። እስከዚያ አትንኪው፣ ሰውም አያስነካሽ። እንዲነሳልሽ ከፈለግሽ ደግሞ ይቻላል።"

"ይነሳልኝ!" አለች ማሂ።

"አይሆንም!" አለ አንድ ሰው።

ማን እንደጮኸ ዞሬ ስፈልግ ለካ እኔ ነኝ።

"ለምን?" አለች ዶክተሯ።

እኔንጃ ለምን! አፌ ግን ሳያማክረኝ መለሰ።

"ታዲያ እኔ በምን እቀናለሁ?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ሁለተኛው ዶክተር ሳል ያዘው። ሳል አይደለም፣ እናውቃለን።

ማሂ አፍጣ አየችኝ። "በዚህ ነው የምትቀኚብኝ? በዚህ?" አለች ጉንጯን እያሳየች። "ማርያም የሳመችኝ አንዴ ነው! የቂርቆስ እናቶች ግን በየቀኑ ነው የሚስሙኝ! ምራቅ ጠርጌ አልጨርስም እኮ!"

ከክሊኒኩ ስንወጣ "እሺ፣ ላስብበት" አለች። ስካርፌን ግን አልመለሰችልኝም። መንገድ ላይ እናቶች እንዳይደርሱባት እስከ ጉንጯ ጠመጠመችው። እኔ አንገቴ ላይ ፕላስተር ለጥፌ፣ ካዛንቺስ ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ነጥቧ ተሸፍናለች። ስካርፉም እሷ ላይ ነው። ዛሬ እኩል ነን!

ታክሲው መጣ። ረዳቱ አየን።

"ባለ ስካርፏ ቆንጆ! ነይ ጋቢና ግቢ!"

ለእኔ፦ "ባለ ፕላስተሯ፣ ከኋላ ጠጋ ጠጋ!"

ለካ ምክንያቱ ነጥቧም አልነበረችም!

ማሂ የጋቢናውን በር ከፈተችና እጄን ይዛ ጎተተችኝ። "ጋቢና ለሁለት ነው" አለችው። "ይቺ ደግሞ ብል ናት። ብቻዋን ከለቀቅካት ወንበርህን ትበላዋለች።"

እስከ ቂርቆስ ድረስ እየሳቅን ሄድን። ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገብን።

ቤት ስንደርስ እትዬ ብርቄ ሳሎን ተቀምጠዋል። ጋሼ ጭራዋን ከናፍታሊን አውጥተው እያበጠሩ "የአርሲ ፈረስ ናት እኮ" እያሏቸው ነው። ማሂ ትራስ ነከሰች።

እትዬ ብርቄ ፕላስተሬን አይተው ፊታቸው በራ። "ወደቀችልሽ አይደል? ብዬሽ አልነበር!"

"እሺ እትዬ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ ተነሱና "ማርያም የሳመቻት ልጄ፣ ምነው ጠፋሽ?" እያሉ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ማሂ ጉንጭ መጡ። ማሂ ወደኋላ አለች፣ ግድግዳ ያዛት። በዓይኗ ጠራችኝ።

መሃል ገባሁ። ጉንጬን ሰጠሁ።

ሳሙኝ። እዚያው ቦታ ላይ፣ አጥብቀው፣ ሁለቴ።

ወገኖቼ፣ ስንት ዘመን የቀናሁበት ነገር ለካ እርጥብ ነው!

እና አሁን በምን እንደምቀና ግራ ገብቶኝ ተቀምጬ፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። ጭራዋ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ናይሎን ናት፣ ተነጭታለች፣ ናፍታሊን ናፍታሊን ትሸታለች። ግን ፈረስ ናት ብሎ የሚምልላት ሰው አላት።

በእሷ ብቀና ይፈረድብኛል?