የባለ ሰባት ራሱ ዘንዶ ምንጭ

ወገኖች፣ በጥንቃቄያችሁ ስትኮሩ ኖራችሁ፣ ያው ጥንቃቄያችሁ ሰው አሳስሮባችሁ ያውቃል?

እኔን ገጥሞኛል። ብነግራችሁ አታምኑኝም!

ዘመኑ ደርግ፣ ቦታው ጂንካ። እኔ ከማሠልጠኛ የወጣሁ አዲስ መምህር ነኝ፤ ከደረት ኪሴ ሁለት እስክሪብቶ አይጠፋም፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ለምን ሁለት? ቆይ ላስረዳችሁ...

አይ፣ ይቅር። የጠፋሁት በማስረዳት ነው።

ከጤና ጣቢያው ድሬሰር ከግርማ ጋር «የጭራቅና የዘንዶ ፈላጊዎች ክበብ» የሚባል ነገር አቋቁመን ነበር። አባላቱ አምስት ነን። ሽማግሌዎች ተረት ይነግሩናል፤ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረቱ ውስጥ ያለውን አውሬ ፍለጋ እንወጣለን። ዓመት ሙሉ ዞረን ያገኘነው አንድ አርጃኖ የሚሉት ትልቅ እንሽላሊት ነው፤ እሱም ቀይ አፈር መንገድ ላይ የጭነት መኪና የዳጠው።

ግርማ «የክብር አባል» ብለህ መዝግበው አለኝ። መዘገብኩት!

አንደኛ ዓመታችን ደረሰ። በተቀቀለ ጎደሬና በሻይ ልናከብር ወሰንን። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳችን ደግሞ ጋሽ ጴጥሮስ የነገሩንን ባለ ሰባት ራስ ዘንዶ መፈለግ ሆነ። ጋሽ ጴጥሮስ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው። የአሪ ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ አማኝ። ቸርቻቸው በመንግሥት ከታሸገ ቆይቷል።

እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ለቀበሌው የስብሰባ ፈቃድ ማመልከቻ ጻፍኩ። ዕቅዱን አባሪ አድርጌ! በካርቦን፣ በሦስት ኮፒ!

«ጎደሬ ለመብላት ፈቃድ?» አለ ግርማ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት አንተ ነህ!»

ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ወረቀቴን ይዘዋል።

«ጓድ መምህር፣ የቀበሌያችን አመራር ስንት ሰው ነው?»

«ሰባት፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ዘንዶህስ ስንት ራስ አለው?»

...

ሰባት።

ዕቅዱ ላይ «ራሶቹ የሚያድሩበትን ቦታ አንድ በአንድ ማጣራት» የሚል መስመር እንዳለ ያኔ ትዝ አለኝ። የእኔው የእጅ ጽሑፍ። ከሥሩ የተሰመረበት!

ዝም ማለት እችል ነበር። «ተረት ነው እኮ!» ብዬ መሳቅም እችል ነበር። አስረዳሁ።

«ጓድ፣ ነገሩ ከእኔ የመጣ አይደለም። ምንጩ ገጽ ሁለት ላይ በሙሉ ተጠቅሷል።»

ገለጡና ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ተናጋሪ፦ አቶ ጴጥሮስ፣ ዘበኛ። ቦታ፦ መኖሪያ ቤታቸው። ጊዜ፦ እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ።»

ከጸሎት በኋላ!

ቤት ውስጥ ተሰብስቦ መጸለይ በሚያሳስርበት ከተማ፣ ቀኑንም ቤቱንም ጽፌ አስረከብኩ።

«ጸሎቱ ላይ ስንት ሰው ነበር?»

«አላየሁም።»

በዕድሜዬ ከመለስኩት ሁሉ አጭሩ መልስ ነው። ግን ረፍዷል።

ምንጭ መጻፌ ልማድ ነው። ገጽ ሁለትን ያሳየሁት ግን ከልማድ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ጋሽ ጴጥሮስ የዚያኑ ዕለት የዕረፍት ደወል ሊደውሉ በቆሙበት ተወሰዱ።

እኔስ? ግለ ሂስ! በጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ተማሪው ሁሉ ፊት፣ «ዘንዶ በመፈለጌ እጸጸታለሁ» ብዬ ከወረቀት አነበብኩ። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እንዴት አይስቅ? የሚጸጽተኝ ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

የጋሽ ጴጥሮስ ሚስት ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ይዘው ከተማው መሀል ያለውን የአውሮፕላን ሜዳ ሣር ሲያቋርጡ በክፍሌ መስኮት አያቸው ነበር። አይቼም ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ።

ጋሽ ጴጥሮስ ከወራት በኋላ ተፈቱ። አንድ ጆሯቸው መስማት ትቷል። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ይቅርታዬን በሦስት ከፍዬ አዘጋጅቻለሁ፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። (አትሳቁ!)

«መምህር፣ በዚህ በኩል ተናገር» ብለው ደኅናውን ጆሯቸውን አዞሩልኝ።

መግቢያውን ጀመርኩ። ሐተታው ላይ ሳልደርስ፣ «ጋሽዬ፣ የዘንዶው መጨረሻ ግን ምን ነበር?» አልኳቸው።

በሩን አዩ። መስኮቱን አዩ።

«እኔ ዘንዶ አላውቅም። ተረትም አላውቅም፣ መምህር።»

እስኪሞቱ ድረስ አላወቁም። የልጅ ልጆቻቸው ሲለምኗቸው እንኳ።

ጴጥሮስ እውነተኛ ስማቸው አይደለም። እኔ የተማርኩት ይህችን ብቻ ነው።

እስኪ እናንተ ሞክሩት። ዛሬ አንድ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ በሉ። ስልካችሁን አርቁ። ስም አትያዙ፣ ቀን አትያዙ፣ ዝም ብላችሁ ስሙ። ከዚያ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የሰማችሁትን ሳይሆን፣ መቻላችሁን ብቻ።