ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?

ትናንት ማታ በራት ፋንታ የቃለ መጠይቅ መልስ ጠግቤ ተኛሁና ሕልም አየሁ። ሕልም አልወድም። በቀን ያጣሁትን በእንቅልፌ ቢያሳየኝ ምን ይፈይድልኛል? ይሄንን ግን ካልተናገርኩት ሆዴ ውስጥ ይሻግታል።

በመጀመሪያ ግን መልስ ጠግቤ የተኛሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ለዛሬ ጠዋት ቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር፤ ለንብረት ክፍል ሠራተኛነት። በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ የጽሑፍ ፈተና ወድቄ አላውቅም። የምወድቀው አፌን ስከፍት ነው። እናታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ሰው ያመስግንህ እንጂ አንተ ራስህን እንዳታመሰግን" እያለች ነው ያሳደገችን። እናም "ስለ ራስህ ንገረን" ሲሉኝ "ምን አለኝ ብላችሁ ነው" እላለሁ። "ለምን አንተን እንቅጠር?" ሲሉኝ "እሱን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" እላለሁ። ባለፈው ቦታ ላይማ "ተቀመጥ" ሲሉኝ "ኧረ ግድ የለም፣ ቆሜ ይሻለኛል" ብዬ፣ መላጣው የፈታኞቹ ሰብሳቢ እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ። ጨዋነት መስሎኝ!

የምታበላኝ ታላቅ እህቴ ዝናሽ ናት፤ የሰው ልብስ እያጠበች። በቅርቡ "አረብ አገር ልሄድ ነው" አለችና ተጣላን። የጎረቤታችን ልጅ እልፍነሽ በእግሯ ሄዳ በሣጥን ስትመለስ ሁለታችንም ቀብሯ ላይ ቆመናል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አልቅሼም ለመንኳት። በመጨረሻ "ይሄን ሥራ ካገኘህ እቀራለሁ። ካላገኘህ ግን እግሬን አትያዘኝ፣ አንዱዬ" አለችኝ። ቃለ መጠይቁን እስክጨርስ ድረስ ወደዚያ ከሚልካት ደላላ ጋር እንዳትነጋገር ቃል አስገባኋት። ከዚያ ወዲህ ልብስ እያሸች ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ።

"ጥንካሬህ ምንድነው?"

"ታታሪ ነኝ..."

"ጮክ በል! ለቅሶ ቤት ነው እንዴ ያለኸው? አንገትህን ምን አስደፋህ?"

እንዲህ ስንባባል አምሽተን ተኛን።

በሕልሜ ነግቶ ነበር። ውጭ ጫጫታ ሰምቼ በሩን ብከፍት፣ ከደጃፋችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሥራ አስኪያጆች ተሰልፈዋል። ሁሉም ከረባት አስረዋል፤ ሁሉም የሚሽከረከረውን ወንበራቸውን በጭንቅላታቸው ተሸክመዋል። ዝናሽ የጥበቃ ካፖርት ለብሳ እየፈተሸች ታስገባለች።

"እጅ ወደ ላይ! ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድነው?"

"ማኅተም ነው፣ እመቤቴ።"

"ማኅተም ይዞ መግባት ክልክል ነው። ወደ ኋላ ተመለስ!"

ሰውየው "የልጆች አባት ነኝ" ብሎ አለቀሰ። ጠጋ ብዬ ባየው ያ መላጣው ሰብሳቢ ነው። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። "ተይው ዝኑ፣ ይግባ" አልኩና የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ደፍቼ ተቀመጥኩበት። ወንበሩን ከራሱ ላይ ሳያወርድ ፊቴ ቆመ።

"ተቀመጥ" አልኩት።

"ኧረ ግድ የለም ጌታዬ፣ ቆሜ ይሻለኛል።"

"ስለ ራስህ ንገረኝ።"

"ምን አለኝ ብለው ነው።"

"ለምን አንተ ዘንድ ልቀጠር?"

"እሱን እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።"

ደሜ ፈላ። ይሄን ያህል ዘመን እነሱ ሲሰሙኝ የኖሩት እንደዚህ ነው? እንዴት ያስጠላል! "ቀጣይ!" ብዬ ጮህኩ። "ቀጣይ" ማለት ለካ እንዲህ ይጣፍጣል። ደግሜ "ቀጣይ!" አልኩ፤ ሰው እስኪገባ እንኳ አልጠበቅኩም። ሰልፉ እየተነነ ሄደ፣ አጥሩም ሄደ፣ የተቀመጥኩበት ሳፋ ወደ አግዳሚ ወንበርነት ተለወጠ።

አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ። ከፊት ለፊቴ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ መላጣው ሰውዬ መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ግራና ቀኙ ሁለት ሰዎች አሉ። ከጎኔ ደግሞ አህያ ተቀምጧል። የለየለት የወፍጮ ቤት አህያ፤ ዱቄቱ እንኳ ከጆሮው ላይ አልተራገፈም። እግሩን አነባብሮ ነው የተቀመጠው።

"ለቦታው የቀረባችሁት ሁለት ናችሁ" አለ ሰብሳቢው። "ካንተ እንጀምር" አለና ወደ አህያው ዞረ። "የሥራ ልምድ?"

"ከተወለድኩ ጀምሮ።"

"ማስረጃ ይዘሃል?"

አህያው ተነሥቶ ጀርባውን አዞረላቸው። ቁስሉ ላይ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። ሦስቱም መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ አንደኛው በጣቱ ፈተገው። "ኦርጅናል ነው" ተባባሉ።

"ድክመትህ ምንድነው?"

"አንዳንዴ ይደክመኛል።"

ሰብሳቢው ፊቱን አጨፈገገ። አህያው ቶሎ ብሎ "ግን ሲመቱኝ ይተወኛል" አለ።

"ጥሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?"

"ጅብ ሆድ ውስጥ።"

ሦስቱም ብድግ ብለው አጨበጨቡ። "ራዕይ ማለት እንዲህ ነው!" አለ ሰብሳቢው። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ። አበቃልኝ፣ በአህያ ተበለጥኩ። ዝናሽን ምን ብዬ ልንገራት?

"እንግዲህ" አለ ሰብሳቢው "አህያው ሁሉንም ስለመለሰ ወድቋል። አንተ አልፈሃል።"

"ምንም ሳትጠይቁኝ?"

"ብንጠይቅህ ትወድቅ ነበር።"

አህያውን በጓሮ በር አስወጡት። ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድሜ" አለኝ፤ የምሩን ነበር። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሰማሁትን ድምፅ አልናገርም።

"የቀረህ ዋስ ብቻ ነው" አሉኝ። ይሄኛውስ እውኑም እንደዚሁ ነው፤ ንብረት ለሚረከብ ሰው ዋስ ግድ ነው፣ ዋስ የሚሆን ደሞዝተኛ ዘመድ ደግሞ የለኝም። ማን አለኝ ብዬ ሳስብ ዝናሽ በካፖርቷ ሆና ገባች።

"እኔ አለሁለት።"

"ሚዛን ላይ ውጪ" አሏት።

እንደ እህል መመዘኛ ያለ ትልቅ ሚዛን አመጡ። ወጣች። ቀስቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ትርፍ ኪሎ አለባት፤ ይቀነስላት።" ካፖርቷን አወለቁ። ጫማዋን አወለቁ። ሹሩባዋን ፈቱት፤ ፀጉሩን ቆርጠው፣ አንድ ላይ ጠቅልለው መሬት ላይ አስቀመጡት። አሁንም ትከብዳለች። "ስሟንም አውርዱ" አለ ሰብሳቢው። አወረዱት። ዝኑ ብዬ ልጠራት ብል አፌ ላይ የሚመጣ ምንም ነገር አልነበረም።

"አሁን ልክ ነው" አሉና በፕላስቲክ ይጠቀልሏት ጀመር፤ አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣ እንደሚጠቀልሉት፣ ዙሪያዋን እየዞሩ። ሣጥኑም ተዘጋጅቶ ነበር። እንጨቱን አወቅሁት፤ የእልፍነሽ ዓይነት ነው።

"ምን እያደረጋችሁ ነው? ዋስ ናት እኮ!"

"ታዲያ ዋስ ማለት ምን መሰለህ? አንተ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ እሷ ሣጥን ውስጥ ትተኛለች።"

"አልፈልግም! ሥራው ይቅርብኝ!"

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና አዘነልኝ መሰለኝ። "እሺ፣ አንድ ጥያቄ እንጠይቅህ። በትክክል ከመለስክ ሥራውንም እሷንም ይዘህ ትሄዳለህ። ለምን አንተን እንቅጠር?"

አወቅኩት! ለዚህ ጥያቄማ መልሱን በቃሌ ይዤዋለሁ። ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ የተረከብኩት አይጎድልም፣ እህቴ እጇ እስኪላጥ አጥባ ያስተማረችኝ ሰው ነኝ። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ አለ። ከፕላስቲኩ ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ "በለው፣ በለው እንጂ" ትለኛለች። አንገቴን ቀና አደረግሁና አፌን ከፈትኩ።

"እሱን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" አልኩ።

"እናውቃለን" አለ ሰብሳቢው፣ እሷንም ሣጥኑ ውስጥ አስተኝቶ ክዳኑን ጣለበት። ራሴን በጥፊ መታሁት። ደግሜ አፌን ብከፍት "ደስ እንዳላችሁ" የሚል ወጣኝ፤ ሦስተኛም ብሞክር "እግዜር ይስጥልኝ" ወጣኝ። እነሱ በፕላስተር ዙሪያውን ማሸግ ጀመሩ፤ ጭርርር የሚለው ድምፅ ጆሮዬን ሲበሳው ባንኜ ነቃሁ።

ላብ አጥምቆኛል። ጎህ ቀዶ ነበር። እኔ መሬት ላይ፣ ፍራሼ ላይ ነኝ፤ የዝናሽ አልጋ ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ተመስገን አልኩ፤ እዚያው አለች፣ ጥላዋ ይታየኛል። ልጠራት ስል የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ከስልክ ነው የሚመጣው።

"ቀና በይ። ካሜራውን እያየሽ። አሁን እየቀረፅኩሽ ነው፣ ማዳሞቹ የሚያዩት ይሄንን ነው። ስለ ራስሽ ተናገሪ።"

ደላላው ነው። ክው አልኩ። ቃለ መጠይቄ ሊደርስ የቀረው ቁርስ የመብያ ያህል ጊዜ ነበር፤ እሱን እንኳ አልጠበቀችኝም።

"ዝናሽ እባላለሁ" አለች ሳትንተባተብ። "ጤነኛ ነኝ። ልብስ ማጠብ፣ ምግብ ማብሰል፣ አረጋዊ ማንሣትና ማስተኛት እችላለሁ። ቁጣ አልፈራም።"

"ድክመትሽ?"

"የለኝም። ትንሽ ከተኛሁ ይበቃኛል።"

"ጎበዝ። አሁን ዋናው ነገር፣ በየወሩ ናፈቀኝ እያለች የምታለቅስባቸውን አይፈልጉም። እዚህ ማን አለሽ?"

ዞር ብላ መጋረጃውን ስታይ ጥላዋ ተንቀሳቀሰ። እንዳልነቃሁ ገምታ መሆን አለበት።

"ማንም የለኝም" አለች። "ብቻዬን ነኝ።"

"በቃ፣ አልፈሻል" አላት።