ሰማያዊው ሙሽራና ሰባት ቤት

የዘንድሮ ሰው ሲያገባ የሚቆጥረው የሰርግ እንግዳ ብቻ ነው! አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል፣ አንድ ጠረጴዛ ስንት ወንበር ይከበዋል... አለቀ። ሙሽራውን የሙሽሪትን አያት ስም ጠይቁት፤ አያውቅም። የውሻዋን ስም ግን ያውቃል።

በእኛ ወግ ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። በአባትም በእናትም ወገን ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ይህን ደንብ ለልጄ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች፣ አንዳንዴም ሳይጠይቀኝ ለባስ ሹፌር አስተምሬአለሁ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ለወፍ አስተማርኩ።

አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ ግን ትንሽ አስተርፉ፣ ኋላ ላይ የሚሳቅበት ሌላ ሰው አለ።

እኔ እዚህ ሰው አገር ዳውንታውን፣ ካዚኖ የሚሉት ቁማር ቤት በር ላይ ሴኩሪቲ ነኝ። ሥራዬ መታወቂያ ማየት ነው። ሽበት የወረሰውን ሽማግሌ እንኳ «መታወቂያ!» ሳልል አላሳልፍም። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የቀረውን ራሴን በራሴ ስላስተማርኩ፣ ያወቅኋትን ነገር ለሰው ሳልነግር ማደር አይሆንልኝም። ባለቤቴ ትርሲት «አንተ ሰው፣ ትምህርትህን ጨርሰህ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እናርፍ ነበር» ትለኛለች።

ወፍ ውስጥ ያስገባኝ ሚስተር ዴል ነው። እኛ ካዚኖ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ካርታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሎን ማውንቴን አካባቢ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ቤቱ ሄጄ የሚያረባቸውን ወፎች ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጉልዲያን ፊንች ይባላሉ፤ ዘራቸው ከአውስትራሊያ ነው፤ ቁመታቸው ከጣቴ ብዙም አይበልጥም። ጀርባቸው አረንጓዴ፣ ሆዳቸው ቢጫ፣ ፊታቸው ቀይ! ደረታቸው ላይ ያለችውን ሐምራዊ በይቅርታ ካለፍናት፣ ባንዲራ ነው ክንፍ አውጥቶ የሚበረው። ሚስተር ዴል ጉጉቴን አይቶ አንድ ጥንድ ሰጠኝ፤ የአባትና የእናታቸውን የቀለበት ቁጥር የያዘች ወረቀትም ጨመረልኝ። እግራቸው ላይ ቁጥር ያላት ትንሽ ቀለበት ይደረግላቸዋል። መታወቂያ ያለው ወፍ! ለእኔ የተፈጠረ እንስሳ ማለት ይህ ነው።

ጋራዡን በሽቦ ከፍዬ የወፍ ቤት አደረግሁት፤ ኤሲም አስገባሁለት። መኪናችን ውጭ ቀረች፤ በዚህ በረሃ ከተማ በሐምሌ መሪዋ እንደ ምጣድ ስለሚግል በጓንት ነው የሚያዘው።

«ሳሎን ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ‹ኤሲውን አጥፊው፣ ቢሉ!› ስትለኝ ኖረህ፣ ለወፍ?» አለች ትርሲት።

«ወፍ አያልበውም» አልኳት። መጽሐፍ ላይ ያገኘሁት ነው።

«እኔን ያልበኛል!»

ይህን መጽሐፉ አላነሣውም።

ጥንዶቹ አራት ጫጩት ፈለፈሉ። ጫጩቶቹ አድገው ላባ ሲቀይሩ ሦስቱ ባንዲራቸውን ለበሱ። አራተኛው ወንዱ ግን... ሰማያዊ ሆነ! ጀርባው የጥቅምት ሰማይ፣ ሆዱ እንደ ወተት ነጭ። አባት አረንጓዴ፣ እናት አረንጓዴ፣ ልጅ ሰማያዊ! እናቲቱን ክፉኛ አየኋት። አምላክ ይቅር ይበለኝና፣ በዚያ ቀን የእንቁላል ምግቧን አሳንሼባታለሁ።

ሚስተር ዴል መጥቶ ስሟን አጠራላት። «ሁለቱም ሰማያዊውን ደብቀው ይዘውት ነው» አለኝ። «ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ልጅ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከሁለቱም የወረሰ ግን ይኸው እንዲህ ብሎ ይወጣል። እንኳን ደስ አለህ፣ ይህ ሁሉም የሚመኘው ቀለም ነው።»

ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ለካ እውነት ኖሯል! እናቲቱን በድርብ እንቁላል ካስኳት፤ ልጁንም «ሰማዩ» አልኩት። በማግሥቱ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ በእሑዱ ለምእመናኑ ሁሉ፣ በሰማያዊ ወፍ የሚታወቅ ቤት ልመሠርት መሆኑን አወጅሁ። ከዚያ ወደ ሚስተር ዴል ደወልኩ።

«ሰማያዊ ልጆች እንዲወልድልኝ ምን ላድርግ?» አልኩት ቤቴ መጥቶ እንደ ተቀመጠ።

«ቀላል ነው። ከእናቱ ጋር አስገባው።»

«ከማን ጋር?»

«ከእናቱ። ቀለሙን ደብቃ ይዛለች ብዬሃለሁ፤ ከልጆቹ ግማሾቹ ሰማያዊ ይሆናሉ።»

«ነውር ነው!»

«እሺ፣ ከእህቶቹ ከአንዷ ጋር ሞክረው።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። «ሚስተር ዴል! በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ይቆጠራል!»

«ወፎች እኮ ናቸው።»

«ወፍ ቢሆኑም የሚኖሩት እኔ ቤት ነው!»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አነሣ። በሩ ላይ ደርሶ ግን ዞር አለና «ስማኝ» አለ፤ «የእነዚህ ወፎች ዕድሜ አጭር ነው፤ የመውለጃ ጊዜያቸው ደግሞ ከዕድሜያቸውም ያጥራል። ቶሎ ሚስት ካላገኘህለት ሰማያዊው ነገር ከአንተ ቤት በእሱ ያበቃል።»

ጭንቅ መጣ። ልጁ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው፤ እኔም አዋጄን ልውጥ ነው። ወዲያና ወዲህ ሳጠያይቅ፣ ሮድስ ራንች በሚባል የታጠረ ሰፈር የምትኖር ሊንዳ የምትባል ሴት ሰማያዊ እንስት እንዳላት ሰማሁ። ሱፌን ለበስኩ፤ ልጄን ሜላትን አስከተልኩ። ሜላት እዚሁ ተወልዳ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት።

«ዳዲ፣ ለምን ሱት ለበስክ? ወፍ ነው እኮ የምንገዛው።»

«ልጅ ልንጠይቅ ነው የምንሄደው፤ ሽማግሌ በቲሸርት አይሄድም።»

የሰፈሩ በር ላይ ያለው ዘበኛ መታወቂያ ጠየቀኝ። ሥራውን በጣም አደነቅሁለት።

ሊንዳ ደግ ሴት ናት። ልጅቷን አሳየችን፤ ጭምት፣ ዐይነ አፋር፣ ሰማያዊ ቀለሟ ሳሳ ያለ። ወድጃታለሁ። ግን ሥርዓት ሥርዓት ነውና ደብተሬን አወጣሁ።

«የዚች አባት ማን ነው?»

«አባቷ?»

«አያቷስ? ቅድመ አያቷስ?»

ሊንዳ ሜላትን አየቻት። ሜላት ጣሪያውን አየች። ሊንዳ ግን እንደኔው ጻፍ ጻፍ የምታደርግ ሰው ኖራ የራሷን መዝገብ አመጣችና ወደ ላይ መቁጠር ጀመረች። አባት ነጻ። አያት ነጻ። የቅድመ አያቷን የቀለበት ቁጥር ስታነብ ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት... የሰማዩ አያት ነው!

«ከየት አገኘሽው?»

«ሎን ማውንቴን ካለ አንድ ጡረተኛ ካርታ አዳይ።»

ሚስተር ዴል! ሊንዳ እንደምታውቀውማ በከተማው ያሉ ሰማያዊ ወፎች ብዙዎቹ የሚነሡት ከእሱ ጋራዥ ነው። ደብተሬን ዘጋሁ። «እመቤቴ፣ እናመሰግናለን፤ ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ግን እህቱ ናት» አልኩና ወጣሁ።

«ዳዲ» አለች ሜላት መኪና ውስጥ፣ «እኔ ከአንተ ጋር ሁለተኛ የትም አልሄድም።»

ሰማዩ ግን የእኔን ሕግ አልሰማም። ላባው ጎልምሶ ዳንስ ጀመረ። አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ እንጨቱ ላይ እየዘለለ፣ ጆሮ ካልጣሉበት በማይሰማ ድምፅ ይዘፍናል። ለማን? ሽቦው ላይ ለምግብ ማቅረቢያ ላንጠለጠልኳት ለልብስ ሳሙና ጠርሙስ ክዳን! ክዳኗ ሰማያዊ ናት። ሰግዶላት ሰግዶላት፣ መልስ ሲያጣ አጠገቧ ኩርምት ይላል።

«መነኩሴ አደረግኸው!» አለች ትርሲት።

«በሥርዓት ይጠብቅ።»

«ስንት ዓመት ነው የሚኖረው?»

«አምስት... ስድስት።»

«ሰባት ቤት እስክትቆጥርለት ይሞታል በለኛ!»

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ እንደ በላን፣ ሜላት የወፍ ደብተሬን ስታገላብጥ ቆየችና ቀና አለች።

«ዳዲ፣ አንተና ማሚስ ቆጥራችኋል?»

«እንዴታ!»

«ስንት?»

«ሰባት!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ለአባቴም ይህንኑ ነግሮ ነው የወሰደኝ» አለች ትርሲት በኩራት።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም በሉልኝ። ሰውን ስገሥጽ እንደምትሰሙኝ፣ ራሴንም ስከስ ስሙኝ። ከትርሲት ጋር የተዋወቅነው እዚሁ፣ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስንሠራ ነው። ላግባት ስል አባቷ ነፍሳቸውን ይማርና የሰባት ቤት ስማቸውን በእጃቸው ጽፈው ላኩልኝ። የእኛን ዘር በቃል የሚያውቁት ሸኖ ያሉት አክስቴ እትዬ አስካለ ናቸው። ያኔ ወደ አገር ቤት የሚደወለው ከሱቅ በሚገዛ የስልክ ካርድ ነበር። ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ ደወልኩ። አክስቴ ጀመሩ፦ ተፈራ፣ ዘውዴ፣ እንግዳ፣ ሀብቴ፣ ድንቁ... አምስት ቤት ድረስ አልተገናኘንም። በመሐል አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ገብታ «አንድ ደቂቃ ቀርቷል» አለች። አክስቴ ቀጠሉ፦ «የድንቁ አባት ደግሞ ጎ...»

ቲት፣ ቲት፣ ቲት።

ወረቀቱን አየሁ። በትርሲት ወገን ስድስተኛው «ጎሹ» ይላል።

አያችሁ፣ «ጎ» ብሎ የሚጀምር ስም ብዙ ነው። ጎበና አለ። ጎንጤ አለ። ጎሳዬ አለ! ጸጉሯን በሻሽ አስራ አንሶላ የምታጥፈውን የዚያን ዘመን ትርሲትን ያየ ሰው ይፈርድልኛል። ለአባቷ «ተቆጥሯል፤ ነጻ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት።

ወደ ምሳው ልመልሳችሁ። ሜላት «የእኛንም ደብተሩ ላይ ልጻፍ» ብላ ለእትዬ አስካለ በቪዲዮ ደወለች። ያ ካርድ ዛሬ የለም፤ «አንድ ደቂቃ ቀርቷል» የምትል ሴትዮም የለችም። ሥልጣኔ ጥሩ ነው ያለው ማን ነበር? ትርሲት ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ያስቀመጠችውን የአባቷን ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እትዬ፣ የኛን ሰባት ቤት ንገሪኝ፤ እጽፋለሁ» አለች ሜላት። «አንቺ» እና «እርስዎ» ለእሷ አንድ ናቸው።

«ተባረኪ! የሚጠይቀኝ ልጅ ጠፍቶ! ጻፊ የኔ ልጅ። ተፈራ፣ ዘውዴ፣ እንግዳ፣ ሀብቴ፣ ድንቁ... የድንቁ አባት ጎሹ።»

የሜላት ጣት ወረቀቱ ላይ ቆመ። «ማሚ... ያንቺም ጎሹ ነው።»

«ጎሹ የሚባል ሰው ሞልቷል!» ብዬ ጮህኩ።

«የኛስ አንድ ዓይናው ጎሹ ነው» አሉ እትዬ አስካለ ከስልኩ ውስጥ።

ሜላት ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «እዚህም አንድ ዓይና ይላል።»

አክስቴ ግን ቀጠሉ። «እኔማ ያኔውኑ ልነግርህ ስል ስልኩ ተዘጋ! መልሶ ይደውላል ብዬ ሳምንት ሙሉ ከስልኩ አልራቅሁም። የሰርጉ ፎቶ መጣ። ልጅቷ ደግሞ ስታምር... ምን ልበል፣ ዝም አልኩ።»

ትርሲት ወረቀቱን አጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ መለሰችና ተነሥታ ወደ ጋራዡ ሄደች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የወጣቶችን ድስት ሳማስል የእኔ ከሥር ከስሏል! ተከተልኳት። የወፎቹ ሽቦ ፊት ቆማለች። ሰማዩ ለክዳኗ እየሰገደ ነው።

«ትርሲት...»

«ካርዱ ሲያልቅ» አለች ሳትዞር፣ «ሱቁ ተዘግቶ ነበር?»

አዎን ብል ማንም አይመሰክርብኝም። ሱቁ ራሱ ከፈረሰ ቆይቷል። ግን ከአንድ ውሸት በላይ የምሸከምበት ትከሻ አልነበረኝም።

«ክፍት ነበር» አልኩ። «ከመንገዱ ማዶ ነበር።»

እጇን አንሥታ ሽቦውን ያዘች።

«ሌላ ካርድ ያልገዛኸው ጎሹ ይሆናል ብለህ ፈርተህ ነው?»

«አንቺን እንዳላጣ ፈርቼ ነው።»

ፊቷን አላየሁትም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። ትከሻዋ ግን ሁለት ጊዜ ንቅንቅ አለ። ለቅሶ ይሁን ሳቅ፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

«ሂድና ልጅቷን አምጣለት» አለች።

«ግን እኮ ቅድመ አያቷ...»

«ሂድ አልኩህ!»

በማግሥቱ ሮድስ ራንች ሄድኩ፤ ያለ ሱፍ፣ ያለ ደብተር። ሊንዳ ምንም ሳትጠይቅ ሰጠችኝ። ሰማዩ ሙሽሪትን ሲያይ ክዳኗን ረሳት፤ ያን ሁሉ ወር ለፕላስቲክ ሲለማመድ የከረመውን ዳንስ አወረደው። አራት እንቁላል፣ አራት ጫጩት። አድገው ላባ ሲቀይሩ አራቱም ሰማያዊ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ምን ዓይነት ቀለም ሆኖ እንደሚጠራ ግን ሳይናገሩ ነው።

ከእኔ የምትማሩት ካለ ይህ ነው፤ ልጆቻችሁን ሰባት ቤት አስቆጥሩ፣ ደንቡ ጥሩ ነው። ብቻ መጀመሪያ የራሳችሁ ስልክ የት ላይ እንደ ተዘጋ አስታውሱ።

ባለፈው ቅዳሜ ሚስተር ዴልን እራት ጋብዤ ወፎቹን አሳየሁት። ባርኔጣውን አውልቆ ሲያደንቅ ቆየና «ታዲያ ሰባቱን ቤት ቆጠርክላቸው?» አለኝ።

«ስለሱ ሌላ ጊዜ...» ስል፣ ስለ ጎሹ ከዚያ እሑድ ወዲህ አንዲት ቃል ያልተነፈሰችው ትርሲት ከወጥ ቤት ድምጿን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

«ወንድም ጋሼ! እራት ቀርቧል!»

«ምን አለች?» አለ ሚስተር ዴል።

ሜላት ተረጎመችለት። ቃሉን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ካርዱን፣ ሱቁን፣ አንድ ዓይናውን ጎሹን፣ አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው። ሽማግሌው እኔን አየኝ። ወፎቹን አየ። እንደገና እኔን አየኝ።

«እና» አለ፣ «እኔን ‹ነውር ነው› ብሎ የጮኸብኝ ይህ ሰውዬ ነው?»