የጋሽ ሹኩር ይለፍ ቃል

እናንተዬ፣ ኮምፒውተር የመረጠለትን ይለፍ ቃል አልቀበልም የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የገጠሙኝ ጎረቤቴ ናቸው! ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ጨርቅ የሚሸጡት ጋሽ ሹኩር ሰሞኑን በኢንተርኔትም ልሽጥ ብለው ተነሱና፣ እንዳስመዘግባቸው ወደ ሱቃቸው ጠሩኝ። ድረ ገጹ ገና ስንጀምር ፊደልና ቁጥር የተዘበራረቀበት ይለፍ ቃል አቀረበልን።

«ማን ነው የመረጠው?» አሉ።

«ራሱ ማሽኑ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱ ካወቀው ታዲያ ምኑን ሚስጥር ሆነ? የራሴን እመርጣለሁ!»

እሳቸው እንዳዘዙኝ የልጃቸውን ስም «ሰሚራ» ብዬ ጻፍኩ። ድረ ገጹ በቀይ «ደካማ» አለ። ጋሽ ሹኩር ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ሰሚራዬን ነው ደካማ የሚላት? ከክፍሏ አንደኛ የወጣችውን!»

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ሱቁ በር ላይ ተሰበሰበ። ለአራስ ልጅ ስም የሚወጣ ይመስል ምክክሩ ደራ! ልብስ ሰፊው «የተወለደችበት ዓመት ይጨመርበት» አለ። ከማዶ ሙዝ የምትሸጠው አየለች ደግሞ «መጨረሻው ላይ ኮከብ ይግባበት!» ብላ ጮኸች። ኮከቡ እንደገባ «ጠንካራ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ሲል፣ እልልታው አስፋልት ድረስ ተሰማ።

ጋሽ ሹኩር ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አደራህን፣ ለማንም እንዳትናገር!» አሉኝ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ደንበኛ ከዲላ ጻፈላቸው። መልስ ሊሰጡ ቢሞክሩ ድረ ገጹ አላስገባም አለ።

«ኧረ ተሰረቅኩ! አንዱ ፓስወርዴን አውቆብኛል!» ብለው ሲጮኹ፣ አየለች ከሙዟ ቀና እንኳ ሳትል መለሰችላቸው፦

«ጋሼ፣ ኮከቡን ረስተውት ነው!»