ወንዝ አላሻግርም ያለው ጀልበኛ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሥራ አለቀ ሲባል «አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር» የሚል ሰው አይጠፋም። ባንዱንግ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ጨዋታ የምንሠራው እኛ አምስት ሰዎች ነን፤ ለእኛ የደረሱን ክቡር ካንግ ኡሴፕ ናቸው።

ካንግ ኡሴፕ ሃያ ዓመት የሬዲዮ ድራማ ሲጽፉ ኖረው ነው የመጡት። በጨዋታችን ውስጥ ያሉት ሰዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ከተጫዋቹ ጋር ራሳቸው እንዲያወሩ ያደረግን ዕለት፣ ሰውየው ምሳቸውን ረሱ። እስከዚያ ድረስ ተጫዋቹን ወንዝ የሚያሻግረው ጀልበኛችን የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ግቡ፣ እንሻገር» ይላል፣ ያሻግራል። ካንግ ኡሴፕ ዘጠኝ ገጽ የሕይወት ታሪክ ጻፉለት። ሚስቱ ሞታለች። ልጁ ሱራባያ ከተማ ገብታ አትደውልም። ዝናብ ሲጥል ወገቡን ያመዋል። ማኩረፍም ተፈቀደለት።

በማግስቱ ጀልበኛው አላሻግርም አለ። ሙዝ ብንሰጠው በላና እምቢ አለ። የሁለት ዓመት ልፋታችን ወንዙ ማዶ፣ ተጫዋቹ ወንዙ ወዲህ ቀሩ። ፕሮግራሙን የምጽፈው እኔ ነኝና ቢያንስ የወገቡን ሕመም ያውጡለት ብዬ ለመንኳቸው።

«ኔንግ፣» አሉኝ፤ የእኔ ልጅ እንደማለት ነው። «ወገቡን ካዳንሽው ምን ሊያወራ ነው?»

ቅዳሜ ጠዋት የጨዋታ አከፋፋዮች ሥራችንን ባቀረብንበት አውደ ርዕይ ላይ ሊያዩን መጡ። ካልወደዱት ቢሯችን ይዘጋል። በሞተር ሰውም ዕቃም የምታመላልስ ኢማስ የምትባል ሴት ደግሞ፣ ለጎረቤታችን ዳስ ምግብ አምጥታ፣ ያዘዛት ሰው እስኪመጣ ወንበራችን ላይ ቁጭ ብላ፣ ሄልሜቷን ጭኗ ላይ አድርጋ መጫወት ጀመረች። ጨዋታው ውስጥ ይዘንባል። ጀልበኛው ወገቤን አለ። አከፋፋዮቹ ከኋላዋ ቆመዋል። የድሮውን ጀልበኛ ልመልስ እጄን ስሰድ ካንግ ኡሴፕ እጅጌዬን ያዙ።

ኢማስ ጻፈች፦ «እኔም ሰው አመላላሽ ነኝ። ሲዘንብ እኔንም ያመኛል።»

«ታዲያ ለምን አታርፊም?» አላት ጀልበኛው።

«ማን ያድርሳቸው?»

ጀልበኛው መቅዘፊያውን አነሳ። «ነይ ግቢ። ዛሬ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ ልቅዘፍ።»

ኢማስ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ይህን እኔ አልጻፍኩትም» አሉኝ ካንግ ኡሴፕ፣ በጆሮዬ። እኔም አልጻፍኩትም። ሁለታችንም እኛው ከፈጠርነው ሰው ጋር ገና መተዋወቃችን ነበር፤ አንድ ቦታ መቆም እንኳ አቃተን፣ ሽንት እንደያዘው ሕፃን እንወዛወዛለን። አከፋፋዮቹ «እኔ ልቅደም» እየተባባሉ ተሰለፉ። አንደኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጀልበኛው ጋር ተጨቃጨቀ፤ አልተሻገረም። ማክሰኞ መጥቶ ውሉን ፈረመ።

ረቡዕ ካንግ ኡሴፕ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። የሚያቋርጠኝ ጠፋና የሳምንት ሥራ በግማሽ ቀን ጨረስኩ ማለት ይቻላል። በጨዋታው ውስጥ ወንዙ ማዶ የቆመችው ሻይ ሻጭ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። የምታውቀው «ሻይ ይጠጣሉ?» ማለት ብቻ ነው። ፊቷን አየሁት፣ አየሁት፣ ከዚያ ስልኬን አነሳሁ።

«ካንግ ኡሴፕ፣ ፈጣሪ ይማርዎት። ይህች ሻይ ሻጭ ማንን ነው የምትጠብቀው?»

ሳላቸው ቀጥ አለ። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ።

«ተቀምጠሻል?» አሉኝ።